ማሽኑ ይገዛል፣ ብረቱን ማወቅ ግን አይገዛም

በሐዋሳ፣ ታቦር የቀረበ ዲስኩር

 

አዘጋጆቹ ወደ ታቦር ሲጋብዙኝ ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «የሮኬት ሞተር በማተሚያ ይሠራል ሲባል ሰምተናል፤ እንዴት እንደሆነ ይንገሩን። ግን እኛን ምን እንደሚመለከተን ሳይነግሩን ከመድረኩ እንዳይወርዱ» አሉኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ቢሆንም ሁለቱንም ለመመለስ እሞክራለሁ።

ነገሬን በአራት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ የሮኬት ሞተር መሥራት ለምን ከባድ ሆነ? ሁለተኛ፣ ብረት እንዴት ይታተማል? ሦስተኛ፣ በዚህ መንገድ ምን ተገኘ፣ ምንስ ሳይሳካ ቀረ? አራተኛ፣ እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች ከየት እንጀምር? «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከአራቱ ነጥቦች ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል፤ ማሽኑ ይገዛል፣ ብረቱን ማወቅ ግን አይገዛም።

አንደኛ፦ እሳትና በረዶ በአንድ ግድግዳ

የሮኬት ሞተር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ነዳጅና ኦክስጅን ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ይገባሉ፤ እዚያ ይቃጠላሉ፤ ጋዙ በአፈሙዙ በኩል በኃይል ይወጣል፤ ሮኬቱም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል። ችግሩ ያለው እሳቱን የያዘው ክፍል ላይ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲቃጠሉ ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። መዳብ ግን በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብረትም 1,500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል። ታዲያ ክፍሉ ለምን አይቀልጥም?

መልሱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ በጣም ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ነዳጁ ለመቃጠል ከመግባቱ በፊት በእነዚህ ቦዮች ይዞራል፤ የግድግዳውን ሙቀት ተሸክሞ ይሄድና በመጨረሻ ራሱ ይቃጠላል። ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአንዲት ስስ ግድግዳ በአንዱ ወገን ብረት የሚያቀልጥ እሳት፣ በሌላው ወገን አየርን ሳይቀር የሚያረጋ ቅዝቃዜ!

እነዚህን ቦዮች መሥራት ነው የመሐንዲሱ ራስ ምታት። በድሮው መንገድ የመዳቡ ክፍል በቶርኖ ቅርጹ ይወጣል፤ ከውጭ በኩል ቦዮቹ አንድ በአንድ በፍሬዛ ይቆፈራሉ፤ ከዚያ በላያቸው ሌላ ብረት ተለብጦ ይዘጋሉ። በሌሎች ሞተሮች ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይያያዛሉ። ሥራው ወራት ይፈጃል። አንድ ቦይ ከተበላሸ የወራቱ ልፋት አብሮ ይበላሻል። የተያያዘ ቦታ ሁሉ ነገ ሊከፈት የሚችል ቦታ ስለሆነም እያንዳንዱ መፈተሽ አለበት።

ሁለተኛ፦ ብረት እንዴት ይታተማል?

ሙቀጫ የሚጠርብ ሰው ግንዱን ይዞ ይጀምራል። የማይፈልገውን እየፈለፈለ ያወጣል፤ የቀረው ሙቀጫ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ከባዶ ትጀምራለች፤ ጭቃውን አድቦልቡላ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረበች ግድግዳውን ታሳድጋለች። ቶርኖና ፍሬዛ የሙቀጫው ወገን ናቸው። የብረት ኅትመት የሸክላ ሠሪዋ ወገን ነው። ጠራቢው መሣሪያው የማይደርስበትን የውስጥ ቅርጽ ሊያወጣ አይችልም፤ የምትደርበዋ ግን ውስጡን የምትሠራው ገና ክፍት ሳለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዕቃው በኮምፒውተር ይነደፋል። ፕሮግራሙ ንድፉን በስስ ንብርብሮች ይከፍለዋል፤ የአንዱ ንብርብር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ነው። በማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ ኦክስጅን የጋለውን ብረት እንዳያበላሸው፣ አርጎን ጋዝ ይሞላል። አንድ ምላጭ የደቀቀ የብረት ዱቄት በሠሌዳው ላይ ይዘረጋል። ሌዘሩ ንድፉ ባለበት ቦታ ብቻ ዱቄቱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር ተዋሕዶ ይረጋል። ሠሌዳው በአንድ ንብርብር ልክ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ዱቄት ይዘረጋል፣ ሌዘሩ እንደገና ይሠራል። ይህ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ሌላም መንገድ አለ። ዱቄቱን ከመዘርጋት ይልቅ ዱቄት ወይም ሽቦ በቀጥታ ወደ ቀለጠው ቦታ ይመገባል፤ ማቅለጫውም ሌዘር ወይም የኤሌክትሪክ ቅስት ይሆናል። ይህ ፈጣን ነው፤ ትልልቅ ዕቃም ይሠራል፤ ግን ፊቱ ሻካራ ስለሚሆን በኋላ በቶርኖ ወይም በፍሬዛ መስተካከል አለበት። ሽቦና የኤሌክትሪክ ቅስት ስል በያጆቹ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ልክ ናችሁ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ላይ ደርሰናል። ማሽኑ ቆሞ ዕቃው ሲወጣ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አባቶቻችን ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላሉ፤ በኅትመት ግን ጣጣው የሚመጣው ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው። አንዱ ንብርብር ሲቀልጥ የሥረኛው ቀዝቅዟል፤ የላይኛው ሲረጋ ይኮማተራል፣ ያኛውን ይስባል። በዚህ መሳሳብ ዕቃው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌዘሩ ከደከመ ያልቀለጠ ዱቄት ውስጥ ይቀራል፤ ከበረታ ደግሞ የጋዝ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። እነዚህ ከውጭ አይታዩም።

ስለዚህ ከኅትመቱ በኋላ ሌላ ረጅም ሥራ ይጀመራል። በቦዮቹ ውስጥ የቀረው ዱቄት ተራግፎ ይወጣል። ዕቃው ምድጃ ገብቶ ውጥረቱ ይለቀቃል፤ ከዚያ ከሠሌዳው ይቆረጣል። ለአስጊ ቦታ የሚውል ከሆነ በጋለ አርጎን ውስጥ፣ ከ1,000 ከባቢ አየር ጋር በሚስተካከል ግፊት ታምቆ የውስጥ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ሐኪም ቤት በምናውቀው ሲቲ ስካን ውስጡ ይታያል። ከዕቃው ጋር አብረው የታተሙ ናሙናዎች እስኪበጠሱ ይሳባሉ። ዱቄቱም ራሱ አደገኛ ነው፤ የአሉሚኒየምና የቲታኒየም ዱቄት እሳት ያነሳል፣ የደቀቀ ብረት መተንፈስም ሳንባ ይጎዳል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሌዘሩን ማሽኑ ያንቀሳቅሰዋል፤ የወጣው ብረት ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክረው ግን ሰው ነው። ማሽኑ ይገዛል፣ ብረቱን ማወቅ ግን አይገዛም።

ሦስተኛ፦ ምን ተገኘ? ምንስ ሳይሳካ ቀረ?

በ2015 የናሳ መሐንዲሶች በአላባማ በሚገኘው ማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል ሙሉ መጠን ያለው የመዳብ የሞተር ክፍል አተሙ። ሥራው 8,255 ንብርብር ነበረው፤ 10 ቀን ከ18 ሰዓት ፈጀ። በግድግዳው ውስጥ ከ200 በላይ ቦዮች አብረው ታተሙ። መዳብ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሳልፍና የሌዘሩን ብርሃን ስለሚመልስ ለማተም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ያስቻላቸው ናሳ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ያጠናው የመዳብ፣ የክሮሚየምና የኒዮቢየም ቅይጥ ነው። ልብ በሉ፤ ቅይጡን ማወቅ ከማተሙ በፊት ነበር።

በዲሴምበር 2017 ናሳ አርኤስ 25 በተባለው ትልቅ ሞተሩ ላይ አንድ የታተመ ክፍል ገጥሞ በእሳት ፈተነው። ክፍሉ በፈሳሽ ኦክስጅኑ መስመር ውስጥ የሚፈጠረውን ርግብግቢት የሚያበርድ ነው። ሲታተም ከ100 በላይ ብየዳዎች ቀሩ፤ ናሳ እንዳስታወቀው ዋጋው በ35 በመቶ ገደማ፣ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ራዘርፎርድ የተሰኘውን ሞተር ሠራ። የማቃጠያ ክፍሉ፣ የነዳጅ መርጫው፣ ፓምፖቹና ዋና ዋና ቫልቮቹ የታተሙ ናቸው። በመጀመሪያ ክፍሉ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የተገጠሙበት ኤሌክትሮን ሮኬት በጃንዋሪ 2018 ከኒውዚላንድ ተነሥቶ ምሕዋር ገባ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የሕንዱ ምሳሌ ይመስለኛል። አግኒኩል ኮስሞስ የተባለው የሮኬት ኩባንያ በ2017 በቼናይ ከተማ ተቋቋመ፤ ያደገውም በማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። በሜይ 30 ቀን 2024፣ ከተደጋጋሚ መሰረዝ በኋላ፣ ሮኬታቸው ከስሪሃሪኮታ ማስወንጨፊያ ወደ ላይ ተተኮሰ። ሞተሩ አንድ ወጥ ሆኖ የታተመ ነበር። ልብ ልትሉት የሚገባው ቦታውን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ነው! ኩባንያው የተወለደው መምህራኑ ስለ እሳትና ስለ ብረት ለረጅም ዘመን ሲያስተምሩ በኖሩበት ግቢ ነው።

ሳይሳካ የቀረስ? ሪላቲቪቲ ስፔስ የተባለው ኩባንያ በማርች 2023 ቴራን 1 የተባለ ሮኬት አስወነጨፈ። ከክብደቱ 85 በመቶው የታተመ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ከባዱን የአየር ግፊት አልፎ ሥራውን ፈጸመ፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ሞተሩ በአግባቡ ስላልተነሣ ሮኬቱ ምሕዋር ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ወደ ትልቁ ሮኬቱ ሲዞር ለነዳጅ ጋኖቹ የተለመደውን የአሉሚኒየም ላሜራ አሠራር ጨመረ። ቀጥ ያለ ሰፊ ጋን በላሜራ ቶሎ ይሠራል፤ ማተም ዋጋ ያለው ውስብስብ ለሆነው ሞተር ነው። ከዚህ የምንማረው ሁሉ ነገር መታተም እንደሌለበት ነው። ቅርጹ ቀላል ከሆነና ብዛቱ ከበረከተ ቶርኖና አቅልጦ ማፍሰስ ያሸንፋሉ። የውስጡ ቅርጽ ከተወሳሰበ፣ የሚፈለገው ጥቂት ከሆነ፣ ብረቱም ውድ ከሆነ ማተም ያዋጣል።

ሮኬት ሩቅ መስሎ ከታያችሁ ወደራሳችን ሰማይ እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያበራቸው አውሮፕላኖች መካከል ቦይንግ 737 ማክስ አለ። ስሙ ሲጠራ በማርች 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ ያጣናቸውን ወገኖች የማያስታውስ የለም። የዚያ አደጋ መነሻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው የቁጥጥር ሥርዓት እንጂ ሞተሩ አልነበረም። የማክስ ሞተር ሊፕ ይባላል፤ ነዳጅ የሚረጩት አፈሙዞቹ ውስጣቸው የታተመ ነው። ቀድሞ 20 ገደማ ቁርጥራጮች ተበይደው ይገጣጠሙ የነበረው አሁን አንድ ወጥ ሆኗል፤ አምራቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ክብደቱ 25 በመቶ እንደቀነሰ፣ ጥንካሬው አምስት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። በ2021 የ100,000ኛው አፈሙዝ ኅትመት ተጠናቀቀ። እንግዲህ የታተመ ብረት በየቀኑ በላያችን ይበራል፤ እንዲበር የተፈቀደለትም ፈተናውን ስላለፈ ነው። ያ ሐዘን ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ በሰማይ ላይ ማረጋገጫ የይስሙላ ሊሆን አይችልም።

ከጠፈርና ከአቪዬሽን ውጭም ሥራው ሰፍቷል። አጥንት ከጎኑ እየገባ እንዲያድግበት ፊቱ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የቲታኒየም የዳሌ መገጣጠሚያ ይታተማል። የፕላስቲክ ዕቃ መጭመቂያ ፎርማዎች ውስጣቸው ጠመዝማዛ የማቀዝቀዣ ቦይ እንዲኖራቸው ተደርገው ይታተማሉ፤ ዕቃው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ፋብሪካው በሰዓት የሚያወጣው ይጨምራል። በ2021 አምስተርዳም ላይ 12 ሜትር የሚረዝም የማይዝግ ብረት የእግረኛ ድልድይ ተመረቀ፤ የሠሩት የብየዳ ሽቦ የያዙ ሮቦቶች ናቸው።

አራተኛ፦ እኛ ከየት እንጀምር?

ከዚህ ታቦር ወደ ሌላኛው፣ ወደ ደብረ ታቦር ልውሰዳችሁ። እዚያ አጠገብ ጋፋት አለ። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው ብረት አቅልጠው መድፍ እንዲሠሩ ያዘዙት እዚያ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ አምባ ወጣ፤ ዛሬም እዚያ አለ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ወደቁ። ሠሪዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ምድጃው ነበረ፣ ፈቃዱ ነበረ፣ ብረቱም ቀልጦ ነበር። ዕውቀቱ ግን በጥቂት እጆች ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር እጆቹ ሲሄዱ ጋፋት ትምህርት ቤት ሆኖ ትውልድ አላፈራም።

ሌላም ጥፋት አለብን። ብረቱን የሚያውቀውን የገዛ ወገናችንን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንንቅ ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ንቀቱ አገር ስለጎዳ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ልጃችን በያጅ ልሁን ሲል ፊታችን የሚጠቁር ስንቶቻችን ነን?

አሁን ወደ በያጆቹ ልመለስ። ሻፍት ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ? የተበላውን ቦታ በብየዳ ትሞሉታላችሁ፤ ከዚያ ቶርኖ ላይ አስራችሁ ወደ ልኩ ትመልሱታላችሁ። ይህ ሙሌት የብረት ኅትመት የቅርብ ዘመድ ነው! የአምስተርዳሙ ድልድይ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ ሦስት ነገር ላይ ነው፤ እጁን ሮቦት ተክቶታል፣ ኤሌክትሪኩና ፍጥነቱ በቁጥር ተመዝግቧል፣ የተሞላው ብረትም በላቦራቶሪ ተፈትኗል። የመጀመሪያው ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለቱ ግን ደብተርና ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ የማቀርበው የሥራ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ፣ እንለካ። በያጅ የሠራውን ናሙና ወደ ከተማችን ፖሊቴክኒክ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይዞ ይምጣ። ናሙናው ይቆረጥ፣ ይወልወል፣ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ይታጠፍ፣ እስኪበጠስ ይሳብ። ተማሪው ከበያጁ እጅን ይማራል፤ በያጁም ከተማሪው ቁጥርን ይማራል። ቀዳዳ ያለበት ብየዳ ተቆርጦ ሲታይ ሁለቱም የማይረሱት ትምህርት ነው።

ቀጥሎ፣ በርካሹ እንጀምር። የፕላስቲክ ማተሚያ ከብረቱ ማተሚያ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። በእርሱ የዕቃውን አምሳያ አትሞ፣ በአሸዋ ውስጥ ቅርጹን አስቀርቶ፣ አሉሚኒየም ወይም ናስ አቅልጦ ማፍሰስ ይቻላል። እንዲህ ከተሠራ የተበላሸ የፓምፕ ክንፍ ወይም የተሰበረ ማርሽ መያዣ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ማሽኖችም መለዋወጫ ይፈልጋሉ፤ ተማሪዎቻችን ከዚያ ጥያቄ ቢነሡ የመመረቂያ ሥራቸው መደርደሪያ ላይ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ወደ ሽቦው እንሂድ። የሽቦ ብየዳ መሣሪያን በኮምፒውተር በሚመራ ክንድ ላይ አስሮ ግድግዳ መደረብ ለዩኒቨርሲቲ የሚከብድ ምርምር አይደለም። የውኃ ተርባይንና የወፍጮ ክፍሎች ሲበሉ የሚጠገኑበት መንገድ ከዚህ ሊወጣ ይችላል።

የዱቄትና የሌዘሩ ማሽን በመጨረሻ ይምጣ። ዋጋው ከመቶ ሺዎች ዶላር ጀምሮ ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል፤ ላዩ ላይ ዱቄቱ፣ ጋዙ፣ ምድጃው፣ መፈተሻውና ጥገናው አለ። ብረቱን የሚያውቅ ሰው ሳይኖረን ብንገዛው ለጎብኚ የሚታይ ውድ ሣጥን ይሆናል። ሰውየው ካለ ግን በመጀመሪያው ቀን ይሠራል። ለሦስተኛ ጊዜ ልድገመው፤ ማሽኑ ይገዛል፣ ብረቱን ማወቅ ግን አይገዛም።

«ይህ ቀስ ያለ መንገድ እስከ ጠፈር ያደርሳል ወይ?» የሚል ወጣት እዚህ ይኖራል። ዶክተር ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ቦንጋ ተወልደው፣ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፣ በኋላ ወደ ጃፓንና ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጠፈር ምሕንድስና የታወቁ ሰው ነበሩ። መነሻቸው ፖሊቴክኒክ ነበር። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን በቻይና ሮኬት ወደ ጠፈር ልካለች። ነገ በሌላ ሳተላይታችን ላይ አንዲት የታተመች መያዣ ሐዋሳ ውስጥ ተሠርታ፣ ተፈትና፣ ማረጋገጫ አግኝታ ብትገጠም ለእኔ ከሮኬቱ አታንስም።

መምህራን፣ የብየዳ ናሙና የሚፈተንበት አንድ ቀን በሳምንት ክፈቱ። የጋራዥ ባለቤቶች፣ የሠራችሁትን ለማስቆረጥ አትፈሩ። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕሳችሁን ከኢንተርኔት ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጋራዥ ገብታችሁ ምን ዕቃ ቶሎ ቶሎ እንደሚሰበር ጠይቁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ብረት መንካት ሲወድ ደስ ይበላችሁ።

 አሁን የጥያቄ ጊዜ ነው። ከፈቀዳችሁልኝ የመጀመሪያው ድምፅ ማጉያ ወደ ኋላ፣ በያጆቹ ወደ ተቀመጡበት ይሂድ።